ላፕቶፑ ነቃ፣ ስክሪኖቹ ግን ተኙ

ከቤት ሆነው የሚሠሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችና አያቶች ይህን ነገር ሳታዩት አትቀሩም። ማታ ላፕቶፑ ክዳኑ ተዘግቶ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት እሱ ቶሎ ይነቃል፤ አጠገቡ ያሉት ትላልቅ ስክሪኖች ግን እንደጠቆሩ ይቀራሉ፤ ወይም “ኖ ሲግናል” የሚል ጽሑፍ ብልጭ አድርገው ተመልሰው ይጨልማሉ። ገመድ ይነቀላል፣ ይሰካል፣ ስክሪኑ ጀርባው መታ መታ ይደረጋል። በመጨረሻም “ተቃጥሏል” ተብሎ አዲስ ይገዛል። አዲሱም በሳምንቱ እንደዚያው ያደርጋል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በነርስነት ነው እንጂ በኮምፒውተር ሙያ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የጠቀመኝ ግን ያው የድሮ ሙያዬ ነው። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው “መቼ ጀመረህ? በምን ሰዓት ይብስብሃል?” የሚለው ነው። መድኃኒት የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። የላፕቶፕና የስክሪንም ነገር እንደዚሁ ሆኖ አገኘሁት።

በቤታችን የነበረው ነገር

ልጄ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ውጭ አገር ላለ ድርጅት ከቤት ሆና ትሠራለች። በአንዱ ስክሪን የሒሳብ ሰንጠረዡን፣ በሌላው ደረሰኞቹን ትከፍትና እያስተያየች ትመዘግባለች። ሁለቱ ስክሪኖች፣ ማውሱ፣ ኪቦርዱና ቻርጀሩ ሁሉ የሚገናኙት ዶክ በሚባል አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ከዶኩ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ሲሠራ በጣም ይመቻል፤ አንድ ገመድ ሰክቶ ሥራ መጀመር ነው።

በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአለቆቿ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ አላት። የሰባት ወር ሕፃን አጥብታ፣ አስተኝታ፣ ሮጣ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ስክሪኖቹ ጨልመው ይቆይዋታል። ስትነቅል ስትሰካ አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ይህ ሲደጋገም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የቤት ኪራይ ከፋይ ባትሆንም የልጇ ወተትና ዳይፐር ከዚያች ደመወዝ ነው የሚወጣው። አንድ ጠጋኝ ቤት መጥቶ አይቶ “ስክሪኖቹ እያረጁ ነው፤ ሁለቱንም ቀይሯቸው” ብሎ ሄደ።

እሷም ስክሪኖቹን ተወቻቸውና በላፕቶፑ ትንሽ መስኮት ላይ አጎንብሳ መሥራት ጀመረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንገቷ ደረቀ፤ ማታ ማታ ራሷን ያማታል። በቦርሳዋ ውስጥ የራስ ምታት ክኒን ማየት ጀመርኩ፤ በየቀኑ አንድ ሁለት እየቀነሰ ይሄዳል። ተራ ማስታገሻ በወር ለ15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት ሲወሰድ ራሱ የራስ ምታት ሊያመጣ እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ስክሪኑ ለምን አብሮ አይነቃም?

ላፕቶፕ ሲተኛ አይጠፋም። የተከፈተውን ሥራ በጊዜያዊ ማስታወሻው ይዞ፣ ጥቂት ኃይል እየተጠቀመ ይቆያል። ወደ ስክሪን የሚልከውን ምስል ግን ያቋርጣል። ስክሪኑም ምስል ሲያጣ ይተኛል። በመካከላቸው ያለው ዶክ ዝም ብሎ ገመድ ማባዣ አይደለም፤ የራሱ ቺፕና የራሱ ፕሮግራም ስላለው እሱም ይተኛል፣ እሱም ይነቃል። ስለዚህ ጠዋት መንቃት ያለባቸው አንድ ሳይሆኑ ሦስት ናቸው።

ላፕቶፑ ሲነቃ “ማን አለ?” ብሎ እንደመጠየቅ ያደርጋል። ስክሪኑ ደግሞ “አለሁ” ብሎ የማንነት ካርዱን ያሳያል። ይህ ካርድ በሙያው ቋንቋ ኢዲአይዲ ይባላል። ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሲሆን መሠረታዊ ክፍሉ 128 ባይት ብቻ ነው፤ የአምራቹን መለያና ስክሪኑ የሚቀበለውን የምስል መጠን ይይዛል። ኤችዲኤምአይ በሚባለው ገመድ ጫፍ ላይ ካሉት 19 እግሮች አንዱ ሥራው “አለሁ” የሚለውን ምልክት ማስተላለፍ ነው።

በሆስፒታል የሌሊት ተረኛና የቀን ተረኛ ሲረካከቡ ካርዱ ከጠፋ በሽተኛው አልጋው ላይ እያለ “የለም” ሊባል ይችላል። እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው። ስክሪኑ ወይም ዶኩ በእንቅልፍ ከብዶት መልስ ቢያዘገይ ላፕቶፑ “ማንም የለም” ብሎ ይደመድማል፤ የተከፈተውን መስኮት ሁሉ ሰብስቦ ወደ ራሱ ትንሽ ስክሪን ያመጣዋል። የተቃጠለ ነገር የለም። ያልተሟላ ርክክብ ነው።

ባለአራት ዓምድ ደብተር

የልጅ ልጄን የክትባት ቀን ከምጽፍበት ደብተር ላይ አንድ ገጽ ወሰድኩና አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ ላፕቶፑ ማታ እንዴት አደረ፣ ሌሊት መብራት ነበር ወይ፣ ጠዋት ስክሪኖቹ ተመለሱ ወይ። ለ14 ቀን ያህል ምንም ሳንቀይር፣ ምንም ሳንገዛ ዝም ብለን ጻፍን።

ከ14ቱ ጠዋቶች በ9ኙ ስክሪኖቹ አልተመለሱም፤ በ5ቱ ተመልሰዋል። ደህና ከነበሩት አምስት ቀናት አራቱ ባለቤቴ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን የሄዱባቸው ነበሩ። አምስተኛው ልጄ እስኪነጋ ስትሠራ ያደረችበት ሌሊት ነው። እሳቸው ከቤት ሳይኖሩ ስክሪኖቹ እምቢ ያሉት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር።

ባለቤቴ ከመተኛታቸው በፊት ቤቱን ዞረው ዲቫይደር ሁሉ ያጠፋሉ። ስንጋባ ጀምሮ የነበረ ልማዳቸው ነው፤ እሳትን አጥብቀው ይፈራሉ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ዲቫይደሩ ሲጠፋ ምንም አይሰማውም፤ እንደተኛ ያድራል። ዶኩና ስክሪኖቹ ግን ባትሪ የላቸውም፤ ኃይል ሲቋረጥ ጭልጥ ብለው ይጠፋሉ። ጠዋት ልጄ በአንድ እጇ ሕፃኑን ይዛ፣ በሌላ እጇ ዲቫይደሩን ታበራና ወዲያው የላፕቶፑን ክዳን ትከፍታለች። ላፕቶፑ በቅጽበት ነቅቶ “ማን አለ?” ሲል ዶኩ ገና ሥራ እየጀመረ ነው። የሚመልስለት አያገኝም።

ልጄ ይህን ስታይ “እማዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ በእኔ የተነሳ ነው ብሎ ያዝናል” አለችኝ። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ደብተሩን ብቻ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር ካነበቡ በኋላ “እኔ ደብረ ብርሃን በነበርኩ ጊዜ ነው እንዴ ደህና የዋለው?” አሉ። ቀጥለውም “እኔ እኮ ሕፃኑ ተኝቶ ገመድ ሲግል ፈርቼ ነው፤ ማን ነገረኝና!” አሉ።

እሳቸው ትክክል ናቸው። ሰው ተኝቶ ኤሌክትሪክ ማጥፋት ክፉ ልማድ አይደለም፤ በተለይ አንድ ዲቫይደር ላይ ብዙ ነገር በሚሰካበት ቤት። ስለዚህ ልማዱን አልከለከልንም፤ ቅደም ተከተሉን ነው ያስተካከልነው።

ማታ ልጄ ሥራዋን አስቀምጣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ታጠፋዋለች፤ ክዳን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ከዚያ ባለቤቴ ዲቫይደሩን ያጠፋሉ። ጠዋት እሳቸው ከጸሎት ሲመለሱ ዲቫይደሩን ያበራሉ፤ የስክሪኖቹን መብራት ያያሉ። አንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ልጄ ላፕቶፑን ታበራለች። ይህችን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፈን ጠረጴዛው ላይ ለጠፍናት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ለስብሰባ አልዘገየችም።

ዛሬ ጠዋት ቢሆንባችሁ

በእናንተ ቤት ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ እምቢ ባለ ሰዓት ግን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲህ ሂዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሁሉንም ገመድ በአንዴ አትንቀሉ፤ የትኛው እንደረዳችሁ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

1. ግማሽ ደቂቃ ታገሱ። ማውሱን አንቀሳቅሱ፣ ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። የስክሪኑን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። ፈጽሞ ካልበራ ችግሩ የኃይል ገመድ ወይም ሶኬት ነው። መብራቱ ካለ፣ ወይም “ኖ ሲግናል” ካለ ስክሪኑ በሕይወት አለ ማለት ነው።

2. በስክሪኑ ቁልፍ አጥፍታችሁ አብሩት። “ኢንፑት” ወይም “ሶርስ” በሚለው ምርጫ ገመዱ የተሰካበት ቀዳዳ መመረጡን አረጋግጡ።

3. ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ፒን አብራችሁ ተጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር “ኤክስቴንድ” የሚለውን ምረጡ። ካልሆነ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አራቱንም በአንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ለአፍታ ጨልሞ ይመለሳል፤ ይህ የምስል ክፍሉን ብቻ እንደ አዲስ ያስጀምራል እንጂ የተከፈተ ሥራ አይዘጋም። ማክ ከሆነ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ “ዲስፕሌይስ” የሚለውን ከፍታችሁ የኦፕሽን ቁልፍን ስትይዙ “ዲቴክት ዲስፕሌይስ” የሚል ምርጫ ይወጣል፤ እሱን ተጫኑ።

4. ሥራችሁን አስቀምጡና ከዶኩ ወደ ላፕቶፑ የሚገባውን አንዱን ገመድ ብቻ ንቀሉ። እስከ አሥር ቆጥራችሁ መልሱት። ላፕቶፑ ሌላ ተመሳሳይ ቀዳዳ ካለው እዚያም ሞክሩ።

5. አሁንም ካልሆነ ዶኩን ከላፕቶፑም ከግድግዳውም ንቀሉና አንድ ደቂቃ ያህል ተዉት። ስትመልሱ መጀመሪያ የዶኩን ኃይል፣ ቀጥሎ ስክሪኖቹን፣ በመጨረሻ የላፕቶፑን ገመድ አድርጉ።

6. የመጨረሻው ሪስታርት ማድረግ ነው። በብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ሸት ዳውን ብሎ ማጥፋት ከሥርዓቱ ከፊሉን አስቀምጦ ስለሚያድር፣ ችግር ሲኖር ከእሱ ይልቅ ሪስታርት ሁሉንም እንደ አዲስ ያስጀምራል።

ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ

ዲቫይደር ሳይጠፋ፣ መብራትም ሳይሄድ በየጠዋቱ የሚደጋገም ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፉ ጥልቀት ነው። በስክሪኑ የራሱ ቁልፍ በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ “ዲፕ ስሊፕ” ወይም ይህን የመሰለ ምርጫ ካለ አጥፉት። “ኦቶ ሶርስ” የሚለውንም አጥፍታችሁ ትክክለኛውን ቀዳዳ በእጅ ምረጡለት። አለዚያ ስክሪኑ ሲነቃ በየቀዳዳው ሲፈልግ ይዘገያል።

በዊንዶውስ ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ የዩኤስቢ ቀዳዳዎችን የሚያስተኛ ሥርዓት አለ። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ “ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ” የሚለውን ማጥፋት ለብዙ ዶኮች ይረዳል። ቻርጀር ላይ ሲሆን ቶሎ እንዳይተኛም ሰዓቱን ማራዘም ይቻላል፤ ስክሪኑ ብቻ እንዲጨልም፣ ላፕቶፑ ግን ነቅቶ እንዲቆይ ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 መስኮቶች የነበሩበትን ስክሪን እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫም በዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ አለው። የዶኩ የውስጥ ፕሮግራምም እንደ ስልክ ይታደሳል፤ የሚወሰደው ከአምራቹ ከራሱ ገጽ ብቻ ነው። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ግን ምንም ሳትነኩ የመሥሪያ ቤቱን የአይቲ ባለሙያ አስጠይቁ።

አንዳንድ ዶኮች ዲስፕሌይሊንክ በሚባል ፕሮግራም ነው ምስል የሚልኩት። ፕሮግራሙ ላፕቶፑ ላይ ካልተጫነ ወይም ካረጀ ስክሪኖቹ ዝም ይላሉ። ሳጥኑ ላይ ይህ ስም ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ገመድ ከመግዛታችሁ በፊትም ይህን እወቁ። ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ክብ ጠርዝ ያለው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን 24 እግሮች አሉት። የሁሉም ጫፍ አንድ ዓይነት ቢመስልም ሁሉም ምስል አያሳልፍም። ከስልክ ጋር የሚመጣው ቀጭን ገመድ ብዙ ጊዜ ለቻርጅና ለቀላል ዳታ ብቻ የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ገመድ ሲለዋወጡ የዶኩ ገመድ ወደ ስልክ፣ የስልኩ ገመድ ወደ ዶክ እንዳይሄድ በቀለም ክር እሰሩበት።

ሁለተኛው ስክሪን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የእንቅልፍ አይደለም። ለምሳሌ ኤም1 እና ኤም2 ቺፕ ያላቸው ማክቡክ ኤር ላፕቶፖች በተፈጥሯቸው የሚቀበሉት አንድ የውጭ ስክሪን ብቻ ነው። ገመድ በመቀያየር አይስተካከልም።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ያላችሁ ዶኩንና ስክሪኖቹን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ብታደርጓቸው መልካም ነው። ምጣድና ምድጃ አብረው ሲሠሩ ብሬከር በሚወርድበት ቤትም እንደዚያው። ዩፒኤስ ከሌለ ግን ከመብራት መምጣት በኋላ ከላይ በ5ኛው ቁጥር ያለውን ቅደም ተከተል መከተል ይበቃል።

ስክሪኑ ተመልሶም ያልተመለሰ ነገር

ትልቁ ስክሪን ሲመለስ አቀማመጡንም አስተካክሉ። የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ርቀቱ አንድ ክንድ ያህል ይሁን። በየ20 ደቂቃው ወደ ስድስት ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ዓይንን ያሳርፋል፤ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው ከወትሮው ያነሰ ስለሆነ ዓይን ይደርቃል። ልጄ ክኒኑን በአንዴ ሳይሆን ሐኪም አማክራ ነው ያቆመችው። የአንገቷ ድርቀት ግን አጎንብሳ መሥራት በተወች በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃት።

በእርጥብ እጅ ሶኬት አትንኩ። ዶክ ሲሠራ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ብርድ ልብስ ወይም ወረቀት ሥር ግን አይቀመጥ። የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ወይም ገመዱ ከተላጠ ከግድግዳው ነቅላችሁ መጠቀም አቁሙ። ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት ገመዶቹን ከጠረጴዛው ጀርባ እሰሯቸው፤ አንዷን ገመድ ሲጎትት ሁለት ስክሪን አብሮ ሊወርድበት ይችላል።

እኛ አዛውንቶች ስለ ኮምፒውተር ሲወራ ወደ ጓዳ መግባት ይቀናናል። ልጆቹ በሥራና በሕፃን ተወጥረው ሳለ ቀን ከሌሊት ቤቱን የምናየው ግን እኛ ነን። መብራት መቼ እንደሄደ፣ ዲቫይደር መቼ እንደጠፋ፣ ማን የማንን ገመድ እንደወሰደ የምናውቅ እኛ ነን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እርሳስና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ለሁለት ሳምንት ጻፉና ልጆቻችሁን ጥሩ፤ ስክሪን ለመግዛት የታሰበው ገንዘብ ምናልባት ለሌላ ጉዳይ ይተርፍ ይሆናል።